የቢጫዋ መብራት አውጫጪኝ

ወገኖቼ፣ ስገባ ደጅ የቆሙትን መኪኖች አየት አየት አድርጌ ነው የገባሁት። ቪትዝ አለ፣ ኮሮላ አለ፣ አባዱላ አለ፣ ጥግ ላይ አንዲት የተከበረች ዲኤክስም አይቻለሁ። ስንቶቻችሁ ያቺን የሞተር ሥዕል ያለባትን ቢጫ መብራት አብርታችሁ እንደመጣችሁ አልጠይቅም። የኔዋ በርታ ነው የመጣችው። አዎ፣ ስለማትጠፋ መብራት ሊናገር የተጋበዘው ሰው መኪና ላይ መብራቷ እንደበራች ናት። ምክንያቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ አውቄ የተውኳት ናት።

መኪናዬን የገዛሁት በደላላ ነው። ኮሮላ ናት። በገዛኋት በሦስተኛው ሳምንት ከወልድያ ወደ መርሳ ስወርድ ሲሪንቃ ላይ መብራቷ በራች። ጋራዥ ወሰድኳት፤ የት እንደሆነ ይቅር። ልጁ ኮምፒውተሩን ሰካ፣ ፒ 0171 የሚል ኮድ ወጣ፣ ወዲያው «ኦክስጅን ሴንሰር ነው» አለኝ። ገዛሁ፣ ተቀየረ፣ መብራቷ ጠፋች። ሁለት ቀን ቆይታ በራች። «እንግዲያው የነዳጅ ፖምፓው ነው» ተባለ። ፖምፓ ገዛሁ። ጠፋች፣ ሁለት ቀን ቆይታ በራች። ሦስተኛው ላይ የአየር መለኪያው ሴንሰር ተራ ደረሰው። የሁለት ወር ደመወዜ እንዲህ ሆኖ አለቀ፤ መብራቷ ግን እንደ ቀጠሮ አክባሪ ሰው በሁለተኛው ቀን ከች ትላለች።

በመጨረሻ መርሳ ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ኮምፒውተር የላቸውም። ሞተሩን አስነሡና አንድ ክንድ የምትሆን የውኃ ጎማ ቁራጭ አነሡ፤ አንዱን ጫፍ ጆሯቸው ላይ አድርገው በሌላው ጫፍ ሞተሩን እየዳበሱ ያዳምጡ ጀመር። እኔ የጋራዡን በደል እየዘረዘርኩ ነበር። «እስቲ ዝም በል ልጄ» አሉኝ። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ከጠርሙስ ውኃ ጠብ ጠብ ሲያደርጉበት የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። «ይኸውልህ፣ በዚህ ይስባል።» ከሞተሩ ሆድ የሚወጣውን የዘይት ጭስ ወደ አየር መግቢያው የምትመልሰው፣ ጣት የምታህለው የጎማ ቱቦ ከሥሯ ተሰንጥቃ ነበር። በመቀስ ቆርጠው ሌላ ተኩ። ያን ኮድ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

አያቶቻችን ሌባ የሚፈልጉበት ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንደኛው ሌባሻይ ነው። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፣ ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰራል፣ እየተንገዳገደ ይሄድና የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ሁለተኛው አውጫጪኝ ነው። የአገሩ ሰው በሙሉ ተሰብስቦ፣ እየማለ፣ ያየውንና የሰማውን እየተናገረ፣ ነገሩ እስኪወጣ ይጠየቃል። አውጫጪኝ ያሰለቻል፣ ቀን ይፈጃል፣ ከእርሻ ያስቀራል። ሌባሻይ ፈጣን ነው። እኔ ሦስት ጊዜ የተበላሁት በሌባሻይ ነው፤ ኮዱ ኦክስጅን ሴንሰሩ ደጅ ላይ ወደቀ ተባለ፣ ኦክስጅን ሴንሰሩ ከፈለ።

ኮዱ ምን እንዳለ አብረን እናንብበው። ፒ ማለት ጉዳዩ የሞተርና የማርሽ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው ዜሮ፣ ኮዱ ለሁሉም አምራች አንድ ዓይነት ትርጉም እንዳለው ይነግረናል፤ እዚያ ቦታ 1 ቢሆን የፋብሪካው የራሱ ኮድ ነው። ከዜሮው ቀጥሎ ያለው ቁጥር ሰፈሩን ይጠቁማል። 1 እና 2 የነዳጅና የአየር፣ 3 የእሳት፣ 4 የጭስ ማጣሪያ። 0171 ደግሞ «አየሩ በዝቶ ነዳጁ አንሷል» ነው የሚለው። ኦክስጅን ሴንሰር ተበላሽቷል የሚል ቃል የለበትም! እንዲያውም ያ ሴንሰር ነው መስክሮ የተናገረው። ምስክሩን አስረን ሌባውን ለቀቅነው።

ሞተር 1 ኪሎ ቤንዚን ለማቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ የሚገባውን አየር በር ላይ ቆሞ ይቆጥራል፣ ለዚያ የሚሆን ነዳጅ ይረጫል። ቱቦዋ ስትሰነጠቅ አየር በመስኮት መግባት ጀመረ፤ በመስኮት የገባውን ደግሞ አልቆጠረውም። ጭሱ ላይ ያለው ኦክስጅን ሴንሰር «አየር ተርፏል» ሲለው ነዳጅ ይጨምራል፣ አሁንም «ተርፏል» ሲለው ይጨምራል። ይህን ጭማሪ በመቶኛ ጽፎ ያስቀምጠዋል። ስካነሩ ላይ ፊውል ትሪም ይባላል፣ የአጭርና የረጅም ጊዜ የሚባል ሁለት ዓይነት አለው። ጤነኛ መኪና ላይ ከዜሮ ወዲህና ወዲያ እስከ 10 ድረስ ይዋልላል። ወደ 25 ገደማ ሲጠጋ ኮምፒውተሩ «ከዚህ በላይ አልችልም» ብሎ መብራት ያበራል።

ቁጥሩን ማየት ብቻ አይበቃም፣ የት ሆናችሁ እንዳያችሁት ነው ቁም ነገሩ። እዚህ ወልድያ መናኸሪያ ቆማችሁ፣ ሞተሩ በቀስታ እየሠራ፣ ጭማሪው ትልቅ ከሆነና ነዳጅ ረገጥ አድርጋችሁ 2500 ዙር ላይ ስትይዙት ከወረደ፣ የሆነ ቦታ አየር እየገባ ነው። ትንሿ ቀዳዳ ሞተሩ ትንሽ ሲተነፍስ ነው የምትታወቀው፤ ብዙ ሲተነፍስ ከብዙው ጋር ትጠፋለች። ተገላቢጦሹን ደግሞ ድልብ ዳገት ላይ ታገኙታላችሁ። መናኸሪያ ላይ ሰላም የነበረው ቁጥር ጭነት ይዛችሁ ዳገቱን ስትያያዙት እየናረ ከሄደ፣ ነዳጁ አልደረሰም። ያን ጊዜ ፊልትሮውን፣ ፖምፓውን ተጠራጠሩ። የአየር መለኪያው ሴንሰር አቧራ ሲይዝም እንደዚሁ ያሳያል፤ እሱን ከመቀየራችሁ በፊት በራሱ ማጽጃ ንፉት። የሲሪንቃና የድልብ መንገድ ከብዙ ጋራዥ የተሻለ መመርመሪያ ነው። ሰው እየነዳ ሌላ ሰው ጎን ተቀምጦ ቁጥሩን ያንብብ፤ እየነዳችሁ ስልክ እንዳታዩ፣ አደራ።

ስለ ሁለቱ ቀን። እኔ ጋራዡ የሆነ ተንኮል ሠርቶ መብራቷን ለሁለት ቀን ብቻ የሚያጠፋት ይመስለኝ ነበር። አልነበረም። እንዲህ ያሉ ኮዶች ስህተቱ በሁለት ተከታታይ ጉዞዎች ካልታየ መብራቱን አያበሩም። መጀመሪያው ጉዞ ላይ ኮምፒውተሩ በልቡ ይይዛል፣ በሁለተኛው ያወጣዋል። ስህተቱ በሦስት ተከታታይ ጉዞ ካልተደገመ ደግሞ መብራቷ ራሷ ትጠፋለች። ስለዚህ ኮድ አጥፍቶ «ሄዶ ይሞከር» ማለት ምንም ያልጠገነ ሰውም የሚያሸንፍበት ውርርድ ነው። ባትሪ ነቅሎ መልሶ መሰካትም ያው ነው፤ ኮምፒውተሩ የተማረውን ሁሉ ረስቶ እንደ ሕፃን ይጀምራል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የጠፋው ማስረጃ ነው። ኮድ በተመዘገበባት ቅጽበት ኮምፒውተሩ የዚያን ሰዓት ሁኔታ ይቀርጻል። ፍጥነቱ ስንት ነበር፣ ሞተሩ ምን ያህል ሞቆ ነበር፣ ዙሩ ስንት ነበር። ፍሪዝ ፍሬም ይሉታል። የኔ መኪና ላይ ያ ልጅ ቢያነበው ሞተሩ ሞቆ፣ በቀስታ ዙር ላይ ሳለ እንደሆነ ያይ ነበር፤ ያን ጊዜ ስለ ፖምፓ ማሰብ ባላስፈለገ። «አጥፋ» የሚለውን ሲጫን ኮዱም ፎቶውም አብሮ ሄደ።

አሁን ወደ አገራችን ነገር ልምጣ፤ ይህ የትም መጽሐፍ ላይ ለወልድያ ተብሎ አልተጻፈላችሁም። መርሳ ከባሕር ጠለል ወደ 1600 ሜትር ነው፤ ወልድያ ወደ 2100፤ ጋሸና ስትወጡ 3000 ትጠጋላችሁ። የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ፣ ጅቡቲ በሉት፣ 101 ኪሎ ፓስካል ነው። መርሳ ላይ 83 አካባቢ ነው፣ ወልድያ ላይ 78፣ ጋሸና 70። ይህ ለእናንተ ነፃ የመለኪያ መሣሪያ ነው። ማፕ የሚባለው የግፊት ሴንሰር ያላት መኪና ካለቻችሁ ቁልፉን ክፈቱ፣ ሞተሩን አታስነሡ፣ ስካነሩ ላይ ቁጥሩን አንብቡ። ወልድያ ላይ 78 ወይ 79 ካለ ሴንሰሩ እውነተኛ ነው። እዚሁ ቆማችሁ 100 ካላችሁ ይዋሻል፤ 60 ካለም ይዋሻል። አንድ ሳንቲም ሳይወጣ አንድ ምስክር ማለ ማለት ነው።

ከዚሁ ጋር፣ «መኪናዬ ኮምቦልቻ ላይ ደኅና ነበረች፣ ጋሸና ላይ ጉልበት አጣች» ለሚለኝ ሰው፦ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። እኛም ስንወጣ እናለከልካለን። ኮድ ከሌለ ቴስታታ አታስፈቱ።

ሌላው የከፍታ ጉዳይ ውኃ ነው። ወልድያ ላይ ውኃ በ93 ዲግሪ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ደኅና ከሆነ ውስጡን አፍኖ የመፍያውን ሙቀት ከ20 ዲግሪ በላይ ያሳድገዋል፤ ክዳኑ ጎማው ካለቀ ግን መኪናችሁ 93 ላይ ትፈላለች። እንግዲህ ምን ይደረጋል? ቆቦ ቆላ ወርዳ የፈላች መኪና ጋራዥ ትገባለች፣ ቴርሞስታቷ ይነቀላል፣ «አሁን አትሞቅም» ይባላል። እውነት ነው፣ አትሞቅም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ጨርሶ አትሞቅም! ደጋ ስትወጣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል፣ ኮምፒውተሩ «ገና ጠዋት ነው» ብሎ ነዳጅ ያበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ፒ 0128 ይመጣል። አንዳንዱ ይህን ኮድ ሲያይ የሙቀት ሴንሰር ይቀይራል። ቴርሞስታቱ ከተነቀለ ዓመታት አልፈዋል፣ ነቃዩም ገዢውም ረስተዋል። በቴርሞስታት ነቀላ ላይ ያለኝ ፍርድ ይኸው ነው፦ ክዳን ለመግዛት የሰነፈ ሰው ሥራ ነው።

ስለ ሽቦ ደግሞ አጭር ነገር። ቪትዝ የሚለው ስም ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ለጃፓን ገበያ የተጠቀመበት ነው፤ በብዙ ሌላ አገር ያቺው መኪና ያሪስ ትባላለች። ጃፓን ደግሞ መሪው በቀኝ ነው። እንግዲህ እውነተኛ ቪትዝ ሆና በግራ መሪ የምትነዳ ከሆነች፣ ዳሽቦርዷ ተፈትቶ፣ ሽቦዋ ተቆርጦና ተቀጥሎ ነው የዞረችው። ዝናብ ሲዘንብ የሚመጣ፣ ኩርባ ላይ የሚመጣ፣ ከዚያ ደግሞ የሚጠፋ ኮድ ካላችሁ ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት ያን ቅጥል ፈልጉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወራት ቆመው የከረሙ መኪኖችንም አይቻለሁ፤ አይጥ ሽቦውን ቆርጥማው ነበር። አንዱ ባለቤት ሁለት ሴንሰር ከቀየረ በኋላ ነው የአይጧ ጎጆ ከኮፈኑ ሥር የተገኘው።

አሮጌ ኮሮላ ያላችሁ «እኛ ጋ ስካነር አይሰካም» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። አሥራ ስድስት ቀዳዳ ያለው መሰኪያ አሜሪካ ውስጥ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት የየራሳቸው መንገድ አላቸው። በብዙዎቹ የእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ኢንጀክሽን ቶዮታዎች ኮፈን ሥር ዳያግኖሲስ የሚል ክዳን ያላት ትንሽ ሳጥን አለች። ክዳኗ ላይ ከተጻፉት መካከል ቲኢ1 እና ኢ1 የሚሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በአንዲት ሽቦ አገናኙ፣ ቁልፉን ክፈቱ፣ ሞተሩን አታስነሡ። ያቺው ቢጫ መብራት ብልጭ ብልጭ ማለት ትጀምራለች። ያለ ማቋረጥ እኩል ብልጭ ካለች ኮድ የለም። ሁለት ጊዜ ብልጭ ብላ፣ አረፍ ብላ፣ አንድ ጊዜ ካለች 21 ነው፤ የኦክስጅን ሴንሰሩ መስመር። 22 የውኃ ሙቀት፣ 41 የነዳጅ መርገጫው በር። ቀዳዳ እንዳትሳሳቱ ብቻ፤ ሌላ ቦታ ብታገናኙ ታቃጥላላችሁ። የዲኤክሷ ባለቤት ዘና ይበሉ፤ ካርቡራተር ናት፣ የምትከሰው ኮምፒውተር የላትም።

መብራቷ ዝም ብላ ስትበራና ብልጭ ድርግም ስትል አንድ አይደለም። ብልጭ ካለች ሞተሩ እሳት እየሳተ ነው፣ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ጭስ ማጣሪያው እየገባ እያጋየው ነው። ነዳጅ መርገጡን ቀንሱ፣ ዳር ያዙ። ኮዱ ፒ 0302 ከሆነ ሁለተኛው ሲሊንደር ነው። ለየሲሊንደሩ የራሱ ኮይል ያላት መኪና ከሆነች የሁለተኛውን ኮይል ከሦስተኛው ጋር አቀያይሩ። ኮዱ ወደ 0303 ከዞረ ኮይሉ ጥፋተኛ ነው። ካልዞረ ካንዴላውን እንደዚሁ አዙሩ። አሁንም ካልዞረ ኢንጀክተሩና ኮምፕሬሽኑ ይቀራሉ። ምንም ሳይገዛ፣ በአሥር ደቂቃ። 0300 ብሎ ሲሊንደር ሳይለይ ከመጣ ደግሞ ለሁሉም የጋራ የሆነውን ጠይቁ፤ መጀመሪያ የምጠይቀው «ቤንዚኑን ከየት ቀዳኸው?» ብዬ ነው። ማደያ ሲጠፋ በሃይላንድ የተሸጠው ውኃም ነጭ ጋዝም ሊኖርበት ይችላል። የቀዳችሁበትን ቀን የምትጽፉባት ደብተር ካለቻችሁ ይህን በአንድ ደቂቃ ትመልሳላችሁ።

ይህን ሁሉ የምለው ያለ ነገር አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገለ መኪና ላይ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር የሚንር ኤክሳይዝ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚያስደስቱ ነገሮች ይወራሉ፣ ይምጡ። እስከዚያው ግን ደጅ የቆሙት መኪኖች ምትክ የላቸውም፤ ለልጆቻችን ሳይቀሩ አይቀርም።

አሁን የራሴን መብራት ልንገራችሁ። ኮዱ ፒ 0420 ነው። ጭስ ማጣሪያው ፊትና ኋላ ሁለት ኦክስጅን ሴንሰሮች አሉ። የፊተኛው ይዋዥቃል፣ ማጣሪያው ከሠራ የኋለኛው ይረጋል። ሁለቱ እኩል ከዋዠቁ ማጣሪያው ሥራ አቁሟል ማለት ነው። የመኪናዬ የቀድሞ ባለቤት ማጣሪያውን ሰንጥቆ ሆዱን አውጥቶታል። እውነተኛ ክስ ነው፣ መብራቷ አልዋሸችም፣ ለአዲስ ማጣሪያ የሚሆን ገንዘብ ግን አሁን የለኝም። የጭሱን ጉዳት አውቃለሁ፣ አላስተባብልም። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ፣ ሁልጊዜ የበራች መብራት ነገ ሌላ ነገር ቢመጣ ልትነግረኝ አትችልም። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ አውራ ጣት የምታህለውን ስካነሬን ሰክቼ ከ0420 ሌላ እንግዳ እንዳልመጣ አያለሁ። የበራ ነገር ሁሉ እዳ ነው፤ ችላ ሳልል ተሸክሜው እኖራለሁ።

መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ድረሱ። ቁልፉን ክፈቱና ሳታስነሡ ዳሽቦርዱን እዩ፤ ያቺ ቢጫ መብራት ልትበራ ይገባል። ካልበራች አምፖሏ ተነቅሏል ወይም ተሸፍኗል፣ ሻጩን ሰላም ብላችሁ ሂዱ። ከበራችና ሞተሩ ሲነሣ ከጠፋችም ገና ነው። ስካነሩ ላይ ሬዲነስ የሚል ገጽ አለ፤ ኮምፒውተሩ የትኞቹን ምርመራዎች እንደጨረሰ ያሳያል። አብዛኛው «አልተጠናቀቀም» ካለ ኮዱ በቅርቡ ጠፍቷል፣ ምናልባትም ዛሬ ጠዋት። ያን ጊዜ መኪናዋን እንደ ሞከራችሁ አድርጋችሁ እስከ ሀይቅ ከተማ ደርሳችሁ ተመለሱ፤ ሻጩ እምቢ ካለ መልሱን አገኛችሁ።

የቴክኒክ ተማሪዎች ከመካከላችሁ አሉ፤ ከእናንተ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። መኪና ስትቀበሉ ማጥፊያውን ከመንካታችሁ በፊት ስክሪኑን በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፣ ለባለቤቱም ላኩለት። ባለቤቶችም ፎቶውን ሳታዩ እንዳትከፍሉ።

ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ። ከዚያ በኋላ ስካነሬን ይዤ በር ላይ እቆማለሁ፣ መብራቱ የበራበት ሁሉ ተራ ይያዝ። ዛሬ ግን እናነባለን፣ እንጽፋለን እንጂ የማንንም ኮድ አናጠፋም።